በቁርባን ቀን ምራቅ አይተፋም

ለማንም ያልተናገርሁት ነገር ይህ ነው፤ ባሌ ክንዱና እኔ የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ነበርን።

ስንጋባ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንደ አገራችን ሥርዐት ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጠሩ። የሚያገናኝ አላገኙም፤ ይሁን ተባለ። ከቆጠራው ሁለት ቀን በፊት የአባቴ እናት ወደ ጓሮ ጠርታኝ፣ አባቴን የወለደችው ከባሏ ሳይሆን ከክንዱ አያት ከተክለ ጊዮርጊስ መሆኑን ነገረችኝ። «እኔ በእርጅናዬ አደባባይ አልዋረድም። አንቺ ልጁን አልወደድሁትም በይና ይቅር» አለችኝ። እኔ ግን ወድጄው ነበር። ዝም አልሁ። እሷም በዚያው ዓመት ሞተች።

ከሦስት ልጆቻችን ሁለቱ ወንዶች፣ ምናለና ጌትነት፣ ፀሐይ የማይችሉ ሆነው ተወለዱ። ለጥቂት ጊዜ ደጅ ከዋሉ ፊታቸው ይላጣል፤ ከዚያ ጥቁር ነጥብ፣ ከዚያ የማይድን ቁስል። ምናለ በዘጠኝ፣ ጌትነት በዐሥራ ሁለት ዓመቱ አረፉ። የተረፈችኝ ይርገዱ ናት፤ ኮላ ድባ አግብታለች። ክንዱ ምክንያቱን በራሱ ላይ አገኘው። ቤት ስንሠራ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አንድ ወይራ ቆርጦ ምሰሶ አድርጎ ነበርና፣ ምሰሶውን ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ መለሰ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም ስለዚያ ወይራ ንስሐ ገባ። እኔ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው» እለው ነበር። ይህን ነበር የምለው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

ንባብ ያስተማረኝ የለም። ምናለ ፀሐይ ስለማይችል የኔታ እኛ ቤት ድረስ እየመጡ ሲያስቆጥሩት፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ልጁ ሲሞት ፊደሉ እኔ ዘንድ ቀረ። ደብዳቤ ስጽፍ ቅጂ አስቀራለሁ። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ዓመት ከጽጌሬዳ ጋር የተጻጻፍናቸው ናቸው። ጽጌሬዳ የክንዱ አክስት የልጅ ልጅ ልጅ ናት፤ ጎንደር ከተማ ያደገች፣ የተማረች፣ አሁን ሆላንድ ለሥልጠና የሄደች። ስልክ ነበረን። እዚህ ግን ስልክ በሚሠራበት ቀን አንዱ ሲናገር ሦስት ሰው ይሰማል፤ ስለዚህ ወረቀት መረጥን።

*

ሆላንድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የትነበርሽ፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እርስዎ፣ ይርገዱ፣ ልጇ ቃልኪዳን፣ ሰብሉም እንዴት ናችሁ? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ይህን ደብዳቤ እናቴ ጎንደር ላይ አሳትማ በትክል ድንጋይ ማኪና ትልክልዎታለች።

እዚህ ያለነው ከጎንደር ሦስት፣ ከሌሎች አገሮች ደግሞ ዘጠኝ ሆነን ነው። የሰው አካል በየቀኑ የሚደርስበትን ጉዳት ራሱ እንዴት እንደሚጠግን፣ መጠገኑ ሲቀር ምን በሽታ እንደሚመጣ እንማራለን። እኛ ከአገራችን የሕመሙን ታሪክ እናመጣለን፤ እነሱ መሣሪያውንና ሙያውን ያካፍሉናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይ የማይችል ልጅ ፎቶ አሳዩን። እናቴ ስለ ምናለና ስለ ጌትነት የነገረችኝ ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር። እማማ፣ ስም ያለው ሕመም ነው። እርግማን አይደለም።

ኅዳር ላይ ባልደረቦቼ ወደ እናንተ ይመጣሉ። የጤና ጣቢያችሁ ሠራተኛ በላቸው አብሯቸው ይሆናል። ከእርስዎ፣ ከይርገዱና ከአጎት ክንዱ ወንድም ከአያ ሰውአገኝ ትንሽ ምራቅ ይወስዳሉ። መርፌ የለውም። እባክዎ እሺ ይበሏቸው።

ልጅዎ ጽጌሬዳ

*

ትክል ድንጋይ አጠገብ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌሬዳ፤

የሄድሽበትን አገር ያልምድልሽ፤ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። እኛ አለን። ገብሱ ሸጋ ነው፤ ስንዴውን ዋግ ነካው።

ሰዎችሽ የመጡት በኅዳር ጽዮን ነው። ሰው ሁሉ ለንግሥ ስለሚሰበሰብ ቀኑን መርጠውት ኖሯል። እኔ ግን ያን ዕለት ቆርቤ ነበር። በላቸው ብልቃጡን ሲያቀርብልኝ «ልጄ፣ በቁርባን ቀን ምራቅ አይተፋም» አልሁት። ከከተማ የመጣችው ልጅ ሰዓቷን አየች። አያ ሰውአገኝ ግን አልቆረበም ነበርና ሞልቶ ሰጣቸው፤ «ለምርቃት ሲሆን በነጻ፣ ለሐኪም ሲሆን በብልቃጥ» ብሎ ሁሉን አሳቀ። እነሱ በማኪናቸው ሄዱ።

በላቸው በሦስተኛው ቀን ብቻውን በእግሩ ተመለሰ። የአሮጊት አፍ ደረቅ ነው፤ ብልቃጡ እስከ መስመሩ አልሞላ አለ። «እማማ፣ ሎሚ ያስቡ» ይለኛል። «ሎሚ ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው» ስለው፣ «እንግዲያው የማይከፍልዎን ባለዕዳ ያስቡና ይትፉበት» አለ። ሳቅሁ፤ ሞላ። ሸጋ ልጅ ነው። በሚመጣው ዓመት እሱንም እዚያ አገር ሊያሠለጥኑት መሆኑን ነገረኝ፤ እናቱ ከአሁኑ ስንቅ እያሰበች ነው አለ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ልጆቼ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆናቸው። ሲታመሙ ያልጠየቀን ሰው ዛሬ ምነው መጣ? በምራቄ ውስጥ የምታዩት ምንድን ነው? ያያችሁትንስ ለማን ትናገራላችሁ? ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታው ሁለት ጊዜ የተለጠፈ መሰለኝ።

ይርገዱን አትጠብቁ። ሥራ ይበዛባታል።

የትነበርሽ

*

ሆላንድ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የትነበርሽ፤

ልደትን እንዴት ዋሉ? ጥምቀትንም በደኅና ያውልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ መንገዱ ተከፍቶ እናቴ ፎቶ አንሥታ ስትልክልኝ ነው። ፖስታውን ሁለት ጊዜ የለጠፈችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያው ሙጫ አልያዘላት ብሎ።

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በእያንዳንዳችን አካል ውስጥ ከአባትና ከእናት የተቀዳ ረጅም ጽሕፈት አለ። የፀሐይ ብርሃን በየቀኑ ፊደሉን ያበላሸዋል። በጤነኛ ሰው ውስጥ እንደ ጎበዝ ጸሐፊ የሚሠሩ አሉ፤ ብራናው ላይ የተበላሸውን ፍቀው፣ ትይዩውን አይተው፣ ደግመው ይጽፉታል። በምናለና በጌትነት ውስጥ ያ አራሚ አልነበረም። ስሕተቱ ሳይታረም ይከማችና ቁስል ይሆናል። ልጆቹ የሠሩት ኃጢአት የለም፤ ወይራውም ያመጣው ነገር የለም። የአጎት ክንዱን ነገር እናቴ ነግራኛለች።

ያየነውን የምንጽፈው በቁጥር ነው፤ ስም የለበትም።

ለሥራው አንድ ነገር ይቀረኛል። የእርስዎንና የአጎት ክንዱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቢጽፉልኝ? ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም ይላሉ።

ጽጌሬዳ

*

የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌሬዳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የጠየቅሽውን በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ፤ የእኔን በአባትም በእናትም፣ የክንዱንም እንዲሁ። ሽማግሌዎች በሠርጋችን የቆጠሩት ነው። አንድም ስም አይገናኝም።

ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

የትነበርሽ

*

(በዚያ ወረቀት ላይ ከአባቴ ስም ቀጥሎ የጻፍሁት ስም የአያቴ ባል ስም ነው። ስጽፈው የፊደሉ ማማር ደስ ብሎኝ ነበር።)

*

ሆላንድ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የትነበርሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

በእርስዎ ስም የመጣው ምራቅ ከአያ ሰውአገኝ ምራቅ ጋር በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ባዕድ ለባዕድ እንዲህ አይመሳሰልም፤ ይህ ለአጎት ልጅ የቀረበ ሰው ነው። የላኩልኝ የዘር ቆጠራ ደግሞ አንድም ቦታ አትገናኙም ይላል። አሠልጣኞቼ መጀመሪያ እኔን ጠረጠሩ፤ ብልቃጥ ያቀያየርኩ መሰላቸው። በፊታቸው ደግሜ ሠራሁት። ያው ሆነ።

አሁን የሚጠረጠረው በላቸው ነው። ብልቃጥ ሲሞላ ሁለት ሰው ይፈርማል፤ የእርስዎ ብቻ በሌላ ቀን ተወስዶ የአንድ ሰው ፊርማ ይዟል። «መንገዱ ሰልችቶት ከሰውአገኝ ቤት ከአንዲቱ ሴት አስሞልቶ መጣ» ይላሉ። ስለ ቁርባኑ አስረድቷል፤ ፎርሙ ግን ለቁርባን ቦታ የለውም።

ሁለት ነገር ቢያደርጉልኝ ነገሩ ይጠራል። ይርገዱ ምራቅ ትስጥ፤ የእናትና የልጅ አይሳሳትም። እርስዎም «በላቸው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ከእኔ ወስዷል» ብለው ይፈርሙ። መልስዎን ተርጉሜ ጉዳዩን ለሚያጣራው ኮሚቴ አስገባለሁ።

ጽጌሬዳ

*

ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ጽጌሬዳ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጻፉልኝ ደርሶኛል።

ይርገዱ ምራቅ አትሰጥም። የራሷ ቤትና የራሷ ባል አላት፤ የሰው ትዳር ውስጥ ብልቃጥ ይዞ መግባት ነውር ነው። ዘሩን የቆጠሩት ከእርስዎ መሣሪያ በፊት የነበሩ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በእነሱ ቆጠራ ሰው ኖሯል፣ ቆርቧል፣ ተቀብሯል።

በላቸውን በተመለከተ፣ አሮጊት ነኝ። ያን ሰሞን ማን መጥቶ ምን እንደ ወሰደ አላስታውስም።

ወይዘሮ የትነበርሽ

*

ሆላንድ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ የትነበርሽ፤

«እርስዎ» ብለው ሲጽፉልኝ መራቄን አወቅኩ። እኔ ግን አሁንም ጉልበትዎን እስማለሁ።

መልስዎን ተርጉሜ አስገባሁ። «አላስታውስም» ያሉት ቃል በላቸውን ጣለው። ከጥናቱ ወጥቷል፤ መስከረም ላይ ሊመጣበት የነበረው የሥልጠና ቦታም ለሌላ ተሰጠ። ጤና ጣቢያውም ወሬው ደርሶታል ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የኅዳሩን ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት። ስለ ሎሚውና ስለ ባለዕዳው የጻፉት አለ። እማማ፣ ያን ቀን ምራቁን የሰጡት እርስዎ ነዎት። ብልቃጡ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ቆጠራው ነው።

ያን ደብዳቤ ለኮሚቴው አላሳየሁም። ካሳየሁ ቀጥሎ የሚጠይቁኝን ስለማውቅ ነው። ስለዚህ በላቸውን የጣልነው ሁለታችንም ነን፤ እርስዎን ብቻ አልወቅስም።

አንድ መንገድ አለ። እውነቱን ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ። በቁጥር አስገባዋለሁ፤ እዚያ አገር ማንም አይሰማም። ደግሞ ይህን ይወቁ፤ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ያንኑ የተበላሸ ቃል ሳያውቁ ይዘው ሲገናኙ ነው ልጅ የሚታመመው። ዘመድ ሲሆኑ ይህ ይበዛል፤ ባዕድም ሆነው ይደርሳል። ይርገዱ ብትይዘው እንኳ ባሏ ባዕድ ስለሆነ ልጆቿ ይታመማሉ ማለት ዘበት ነው። ይህን ማወቅ የሚገባት ይመስለኛል።

ልጅዎ ጽጌሬዳ

*

ይህን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ በላቸው አልነበረም። «ታውቃለች» ብዬ ነው ያሰብሁት። ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ማኪና በመጣ ቁጥር ማን እንደ ወረደ እስካይ ደጅ አልወጣሁም። አያ ሰውአገኝ ለእሑድ ጠበል ሲጠራኝ ወገቤን አመመኝ አልሁ። ለእኔ ብቻ ያለችውንም ጠረጠርሁት። ምስጢር ለአንድ ሰው ሲነገር እኮ ቤት ይቀይራል እንጂ አያልቅም።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት በላቸው ራሱ መጣ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ በሩን ይዤ ቆምሁ። የክትባት ሣጥኑን አስቀምጦ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ከስቷል።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። አይቆጡኝ።»

«ጠይቅ።»

«ያን ቀን እርስዎ ቤት መጥቻለሁ አይደል?»

ዓይኔን ወደ ሣጥኑ መለስሁ።

«ሰው ሁሉ አልሄድክም ሲለኝ፣ ራሴን መጠርጠር ጀመርሁ። ብልቃጡን መንገድ ላይ ከሌላ ጋር አቀያይሬው ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ከአያ ሰውአገኝ ቤት ውኃ ጠጥቼ ነበር፤ ቦርሳዬን እዚያ አስቀምጬ ነበር። ምናልባት እዚያ...» አለና ተወው። «እናቴ ደግሞ ተሳልልኝ ትላለች። የትኛው ታቦት እንዳዘነብህ ጠይቅ ትለኛለች።»

«እና ምን አልሃት?»

«ገብርኤል ይሆናል አልኋት። በዓሉን ረስቼ ሥራ ገብቼ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እርስዎ ካላስታወሱ እኔማ ምኑን አስታውሳለሁ።»

ክንዱ ወይራውን ተሸክሞ ከደጅ ሲወጣ እንዲህ አድርጎ ነበር ያየኝ። ያኔ ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አለፈና እሱም ሄደ። ይህ ልጅ ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው።

«መጥተሃል» አልሁት። «ሎሚ ያስቡ ብለኸኛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «ታዲያ ምነው?» አለ። ሣጥኑን አንሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ስጀምር ለማንም አልተናገርሁም ነበር። እኩል ላይ ስደርስ ግን፣ ልጄ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ኮላ ድባ ወረድሁ። ይርገዱ ጤፍ እያበጠረች ነበር። ነገርኋት። ጤፏን አበጥራ ጨረሰች።

«አባዬ ያውቅ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አያውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ሰፌዱን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «እኔ ከቃልኪዳን በኋላ ለምን እንዳልወለድሁ ታውቂያለሽ? የአባዬ ወይራ እኔንም ይከተለኛል ብዬ ነው። ባሌ ሁለተኛ ልጅ ሲለምነኝ ዐሥር ዓመት በሰበብ አሳለፍሁት። ሰው መካን ሆነች ሲለኝ ይሻላል ብዬ ዝም አልሁ።»

የጽጌሬዳን ደብዳቤ አነበብሁላት፤ ልጆቿ ይታመማሉ ማለት ዘበት ነው የሚለውን። ደግመሽ አንብቢው አለችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

«አሁን አርባ አምስት ዓመቴ ነው እማ» አለች።

ያን ዕለት አላሳደረችኝም። አልፈርድባትም። በሳምንቱ ግን ጤና ጣቢያው ሄዳ ምራቅ ለመስጠት ጠይቃ ነበር አሉ፤ የሚወስድላት ሰው አልነበረም።

ለጽጌሬዳ አጭር ደብዳቤ ልኬያለሁ። «በላቸው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ከእኔ ወስዷል፤ ይህን በሙሉ ልቤ አስታውሳለሁ» የሚል ነው። ፈርሜበታለሁ፤ ከፊርማዬም በታች የአባቴን አባት ትክክለኛ ስም ጽፌያለሁ። እሷ በቁጥር ታስገባው። ሆላንድ ላይ እሱን ነጻ ለማውጣት ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን አይበቃም። እዚህ በላቸውን ያሙት በስሙ ነው፤ በቁጥር አይነጻም።

አያ ሰውአገኝ ሲሰማ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ንስሐ አባቴም ቁርባኔን እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም። ተክለ ጊዮርጊስን የሚያከብር ብዙ ሰው አለ፤ ለአያቴም የሚያዝንላት አንድ ሰው ይኖር ይሆናል። ያን ሁሉ የሚወስነው እኔ አይደለሁም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ስወስን ኖሬያለሁ።

ደብዳቤዎቹንም ጨምሬ ሁሉን በእጄ ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ። የቀደሙትን ቅጂዎች አጥፍቻለሁ፤ ሌላ የለም። ለኮሚቴው ያሳየው፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ያስነብበው፣ ወይም ይቅደደው፤ አልጠይቀውም። እነዚህን ገጾች ነገ ጧት ትክል ድንጋይ ወርጄ፣ ሰው ባለበት፣ በእጁ የምሰጠው ለጤና ጣቢያው ለበላቸው ነው።